ቀፎውን ከላሟ እንዴት ላርቀው?

ሰላም ናችሁ የንብ ሰዎች? የምጽፈው ከኮምቦልቻ ነው። ግቢያችን ጠባብ ነው፤ ልጆች፣ አንዲት ላም፣ ዶሮዎችና አንድ ባለ ፍሬም ቀፎ ተጋፍተን እንኖራለን። አደይ ከፈነዳ ወዲህ ንቦቹ በደንብ ሠርተዋል፤ ክዳኑን ሳነሳው ሽታው ያውዳል። ግን ቁጡ ሆነዋል። ላሟ በጭራዋ ዝንብ ስታባርር ይነሱባታል። ትናንት ደግሞ ትንሿን ልጄን ዓይኗ ሥር ነደፏት፤ አብጦ ተከድኖ ዋለ። እሷ የምታለቅሰው ግን «ንቧ ሞተች» ብላ ነው! ጎረቤትም ማጉረምረም ጀምሯል፣ እውነቱን ነው።

ቀፎውን ወደ ጓሮ ላዞረው አስቤያለሁ። ችግሩ ርቀቱ አጭር ነው፤ ቀሳሚዎቹ ወደለመዱት ቦታ ተመልሰው ሜዳ ላይ ይቀራሉ። ታዲያ በየቀኑ ግማሽ ሜትር እያልኩ ላንቀሳቅሰው? መሀል ላይ የውሃ ሮቶ አለብኝ። ወይስ ማታ መግቢያውን በወንፊት ሽቦ ዘግቼ ደሴ እህቴ ጋ ልውሰደውና ሁለት ሦስት ሳምንት አቆይቼ ልመልሰው? እዚያ ያለው የጦሳ ተራራ ብርድ አይጎዳቸውም? ሚኒባስ ላይ ንብ ይዤ ብወጣ ረዳቱ ምን እንደሚለኝ ደግሞ አላህ ይወቀው።

ማሩን ኅዳር ላይ ቆርጬ ባዛውረውስ? እስከዚያ ልጆቹን ምን ላድርጋቸው? የሞከራችሁ ካላችሁ በሞቴ ንገሩኝ።