ክንፍ፣ እርጥብ አየርና የተራዘመ ቶርክ ሬንች፦ ለፈተና የሚዘጋጅ መካኒክ ጥያቄ

ጀማሪው፦ ሰላም ለሁላችሁ። የአውሮፕላን ጥገና ተማሪ ነኝ። ፈተናው ደርሷል፣ ፊዚክሱ ግን ወጥሮ ይዞኛል። አንደኛ፣ ከክንፉ በላይ ያለው መንገድ ስለሚረዝም፣ በላይ የሚያልፈው አየር ከታችኛው ጋር እኩል ለመድረስ ይፈጥናል፣ ክንፉም በዚህ ይነሳል ተብለን ተምረናል። ታዲያ አውሮፕላን ተገልብጦ እንዴት ይበራል? ሁለተኛ፣ እርጥብ አየር ከደረቁ ይቀላል ይላሉ። ውሃ ከባድ አይደል እንዴ? ሦስተኛው የተግባር ነው። ብሎኑ ጠባብ ቦታ ላይ ስለነበር ቶርክ ሬንቹ (ብሎን በተለካ መጠን የሚያጠብቀው መፍቻ) ጫፍ ላይ ወደፊት የሚወጣ ማራዘሚያ ቀጠልኩ። ማንዋሉ 200 ኢንች ፓውንድ ይላል፤ ሬንቹን 200 ላይ አድርጌ አጠበቅሁ። አለቃዬ «ተሳስተሃል» ብሎኝ ሄደ። ሬንቹ 10 ኢንች፣ ማራዘሚያው 2.5 ኢንች ነው።

ዳዶ፦ ከሦስተኛው ልጀምር፣ እሱ ነው የሚያስቸኩለው። ቶርክ ማለት ኃይል ሲባዛ በርቀት ነው። ሬንቹ 200 ሲያሳይህ እጅህ በ10 ኢንች ርቀት 20 ፓውንድ እየገፋ ነበር። ብሎኑ ግን ከእጅህ 12.5 ኢንች ይርቃል። 20 ሲባዛ በ12.5፣ 250 ይመጣል። ማንዋሉ ካለው 50 ጨመርክበት! ትክክለኛው 200 ሲባዛ በ10፣ ሲካፈል ለ12.5 ነው። ሬንቹን 160 ላይ ማድረግ ነበረብህ። የሬንቹ ርዝመት የሚለካው ከጭንቅላቱ (ሶኬት ከሚሰካበት) መሃል እስከ መያዣው መሃል መሆኑን እንዳትረሳ። አሁን ፈትተህ በ160 አጥብቀው።

የሃንጋር ሽማግሌ፦ ዳዶ፣ ስሌትህ ልክ ነው፤ የመጨረሻዋን ምክር ግን አልቀበልም። ከልክ በላይ የጠበቀ ብሎን ተለጥጦ ሊሆን ይችላል። ዓይን አያየውም። ልጄ፣ መጀመሪያ ለአለቃህ በግልጽ ንገረው፣ ከዚያ ማንዋሉ ምን እንደሚል እዩ። ብሎኑም ዳዶውም ይቀየሩ ካለ ይቀየራሉ። ደግሞ ግራ እንዳይገባህ፦ ሶኬት ላይ የሚሰካውና በብሎኑ ትይዩ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ማራዘሚያ ንባቡን አይለውጥም። ክንዱን የሚያስረዝመው ነው ጣጣው።

ነፋሻው፦ ወደ ክንፉ ልመለስ። «እኩል ለመድረስ» የሚባለው ተረት ነው። አየሩን ቀጠሮ ያስያዘው የለም። እንዲያውም ሲለካ የላይኛው ቀድሞ ነው የሚደርሰው። ክንፍ አየሩን ወደ ታች ያጎነብሰዋል፤ በምላሹ አየሩ ክንፉን ወደ ላይ ይገፋዋል። ኒውተን በዚህ በኩል ነው። ከላይ ያለው አየር ሲፈጥን ግፊቱ ይቀንሳል፣ ይሄ ደግሞ የበርኑሊ ሕግ ነው። ሁለቱ አይጣሉም፣ አንዱን ነገር በሁለት በኩል ማየት ነው። የተገለበጠ አውሮፕላን የሚበረው አብራሪው አፍንጫውን ከፍ አድርጎ ክንፉ አየሩን በሚበቃ አንግል እንዲገናኝ ስለሚያደርግ ነው። አንግሉ ከልክ ሲያልፍ፣ ብዙ ክንፎች ላይ 15 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ፣ አየሩ ከላይኛው ገጽ ይላቀቃል። ስቶል የሚባለው እሱ ነው።

ለመካኒክ ዋናው ነገር የላይኛው ገጽና የፊተኛው ጠርዝ ነው። እዚያ ላይ እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሻከረ ውርጭ ብቻ ቢቀመጥ የማንሳት ኃይሉን እስከ 30 በመቶ ሊቀንስ፣ ድራጉን (አየሩ ወደ ኋላ የሚጎትትበትን ኃይል) እስከ 40 በመቶ ሊጨምር ይችላል። የፊት ጠርዝ ላይ ትንሽ ጉድጓድ አይተህ «ምን አላት» እንዳትል።

ሚዛን፦ እርጥበቱ ቀላል ነው። የውሃ ሞለኪውል ክብደቱ 18 ነው። የደረቅ አየር አማካይ 29 ገደማ። ተን አየር ላይ ሲጨመር የሚይዘው የከባዶቹን ቦታ ነው፣ ስለዚህ እፍጋቱ ይቀንሳል። አንተ ያሰብከው የሚፈሰውን ውሃ ነው፤ ተን ሌላ ነው። ሙቀት ግን ከእርጥበት ይብሳል። በባሕር ጠለል በ15 ዲግሪ ሴልሺየስ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.225 ኪሎ ይመዝናል። በዚያው ግፊት 35 ዲግሪ ሲደርስ 1.145 ገደማ ይሆናል። ክንፉም ሞተሩም ያንሳቸዋል፣ መንደርደሪያው ይረዝማል።

ጀማሪው፦ እግዜር ይስጥልኝ! ብሎኑ ተቀየረ። አለቃዬ ስነግረው አልተቆጣም፣ ገርሞኛል። ግን ግፊት ለአብራሪ እንጂ ለእኛ ምን ያደርጋል?

የሃንጋር ሽማግሌ፦ ግፊትማ የኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የኤሮፔሩ በረራ ቁጥር 603፣ ቦይንግ 757፣ ሲታጠብ ስታቲክ ፖርቶቹ (የውጭውን አየር ግፊት ለመለኪያዎቹ የሚያደርሱት ትንንሽ ቀዳዳዎች) ላይ የተለጠፈ ቴፕ ሳይነሳ ሌሊት ተነሳ። ከፍታ መለኪያው የውጭውን ግፊት ማንበብ አልቻለም፣ የፍጥነቱም ተዛባ። አብራሪዎቹ የትኛውን እንደሚያምኑ ጠፋቸው። አውሮፕላኑ ባሕር ላይ ወደቀ፣ 70ውም ሰዎች ሞቱ። ቀዳዳዋ ትንሽ ናት። የለጠፍከውን ሁሉ ጻፍ፣ ስታነሳ ቁጠር። ደግሞ ዓይን ውስጥ የሚገባ ቀለም ያለው መሸፈኛ ተጠቀም።

ጀማሪው፦ ተመዝግቧል ጋሼ። አንድ የመጨረሻ፦ ማራዘሚያው በ90 ዲግሪ ወደ ጎን ቢገጠምስ?

ዳዶ፦ ያኔ ሬንቹን 200 ላይ አድርገው። ክንዱ አልረዘመም።