በ35 ዓመት ሜዲካል ስኩል (አሜሪካ)፦ ከየት ልጀምር?

ጠያቂ፦ የሜሪላንዷ
ሰላም ለሁላችሁ። 35 ዓመቴ ነው፣ ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ግሪን ካርድ አለኝ። ዲግሪዬ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግ ነው፤ አስገምግሜው ከአሜሪካ ባችለር እኩል ነው ተብሏል። እንግዲህ የሚቀረኝ የሳይንስ ኮርስና ኤምካት (የሜዲካል ስኩል መግቢያ ፈተና) ብቻ ነው? ሥራ ሳልለቅ ይቻላል?

ማለዳ
እህቴ፣ ዕድሜሽ ሳይሆን ዲግሪሽ ነው የሚያስቸግርሽ። የግምገማው ወረቀት ለሥራ ቅጥር ይሆናል፤ አብዛኛው ማመልከቻ የሚያልፍበት አምካስ ግን የውጭ ትራንስክሪፕት አይቀበልም። ብዙዎቹ ሜዲካል ስኩሎችም ቢያንስ 90 ክሬዲት ከአሜሪካ ወይም ከካናዳ ኮሌጅ ይፈልጋሉ። የሳይንሶቹ ኮርሶች ከነላቦራቶሪያቸው (ላብ) ቢደመሩ 35 ክሬዲት ገደማ ናቸው። ስለዚህ በአቅራቢያሽ ያለ ዩኒቨርሲቲ ከአዲስ አበባው ስንት ክሬዲት እንደሚይዝልሽ ጠይቂና ሁለተኛ ባችለር አስቢበት። የተያዘልሽን ክሬዲት ይቆጥሩት እንደሆነ ሜዲካል ስኩሎቹን በኢሜይል ጠይቂ፤ መልሱንም አስቀምጪው።

ሥራን በተመለከተ፦ ጀነራል ኬሚስትሪ 1 እና 2፣ ኦርጋኒክ 1 እና 2፣ ከዚያ ባዮኬሚስትሪ። አንዱ ሳያልቅ ሌላው አይከፈትም፤ ቢፈጥን አምስት ሴሚስተር ነው። ጀነራል ኬሚስትሪ ማታ ይገኛል፤ የኦርጋኒክ ላብ ግን ብዙ ቦታ ቀን ነው፣ ሦስት አራት ሰዓት ይይዛል። ከአለቃ ጋር የሚያጣላው እሱ ነው።

ሰው የሚወድቀው ቸኩሎ ኬሚስትሪን፣ ፊዚክስንና ባዮሎጂን ባንድ ሴሚስተር ሲይዝ ነው። ባለ 4 ክሬዲት ኮርስ ላይ ሲ አግኝተሽ ደግመሽ ኤ ብታመጪ አምካስ ሁለቱንም ይቆጥራል፤ ለዚያ ኮርስ አማካይሽ 3.0 ሆኖ ይቀራል።

ሒሳብ አዋቂ
ማለዳ ያለው ልክ ነው፤ ግን ገንዘቡን አልነካም። ከጁላይ 1፣ 2026 ጀምሮ ግራድ ፕላስ የሚባለው የፌዴራል ብድር ለአዲስ ተበዳሪ ተዘግቷል። ለሕክምና ተማሪ የፌዴራሉ ብድር በዓመት ከ50,000፣ በጠቅላላው ከ200,000 ዶላር አያልፍም። ክፍያና ኑሮው ሲደመር ብዙ ቦታ ከዚህ በላይ ነው፤ ቀሪው የግል ባንክ ብድር ነው፣ እሱ ደግሞ ክሬዲት ስኮርና ዋስ ይጠይቃል። የባልሽንም ክሬዲት ስኮር ከአሁኑ እዩት።

ጊዜውን እንቁጠረው፦ ኮርሱ 2 ዓመት ተኩል (90 ክሬዲቱን ካላሟላሽ ይረዝማል)፣ ማመልከቻው ከአንድ ዓመት በላይ (በጁን ታስገቢያለሽ፣ ትምህርቱ በሚቀጥለው ዓመት ኦገስት አካባቢ ይጀመራል)፣ ሜዲካል ስኩል 4፣ ሬዚደንሲ (ከምረቃ በኋላ የሚሠራው የሆስፒታል ሥልጠና) ቢያንስ 3። ብቻሽን መሥራት ስትጀምሪ 46 ወይም 47 ነሽ። ኤምካትን ቀድመሽ አትውሰጂ፤ ብዙ ቦታ ውጤቱ ከሦስት ዓመት በኋላ አይሠራም።

ጥቁር አንበሳ ሰፈር
ይህን ሁሉ ከመክፈልሽ በፊት ሆስፒታል ገብተሽ እዪ። አማርኛሽ መግቢያ ነው፦ የ40 ሰዓት የሕክምና አስተርጓሚ ሥልጠና ወስደሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥሪ። የስልኩን ሳይሆን በአካል የሚሠራውን፤ በሽተኛው አጠገብ መቆምሽ ነው የሚቆጠርልሽ። ሐኪምን ተከትሎ ማየት ግን ለብቻው ይፈለጋል፣ አስተርጓሚነቱ አይተካውም። ፒኤንም (ፊዚሺያን አሲስታንት፣ ከሐኪም ጋር ሆኖ የሚያክም ባለሙያ) አትናቂ፤ ፕሮግራሙ 27 ወር ገደማ ነው፣ ብዙዎቹ ግን ከ1,000 ሰዓት በላይ ሕሙማን የመንከባከብ ልምድ ይጠይቃሉ።

የሜሪላንዷ
እግዜር ይስጥልኝ። ለጀነራል ኬሚስትሪ 1 በቀጥታ መመዝገብ እችላለሁ?

ማለዳ
ብዙ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ መጀመሪያ የሒሳብ ፕሌስመንት ይፈትንሻል። ከኮሌጅ አልጀብራ በታች ከመደበሽ አንድ ሴሚስተር ይጨመርብሻል። ሎጋሪዝምን ከልሺ፤ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ላይ ያስፈልግሻል።