ድሬ የሚያስፈልጋት ትልቅ አዳራሽ ነው ወይስ ነጋዴ እንግዳዋን መያዝ?

የከዚራ ልጅ፦ ሰላም ጀመዓ። የዛሬ ክርክራችን በቢዝነስ ቱሪዝም፣ ማለትም ለሥራ ብሎ ወደ ድሬዳዋ በሚመጣ እንግዳ ላይ ነው። ለግዢና ለድርድር ብቻውን የሚመጣ አለ። ለስብሰባ፣ ለሥልጠና፣ ለኤግዚቢሽን የሚመጣ አለ። መሥሪያ ቤቱ ለሽልማት ብሎ የሚያዝናናውም አለ። እኔ ትልቅ አዳራሽ ይሠራ ባይ ነኝ። ነፃ የንግድ ቀጠናው ነሐሴ 2014 ተመርቋል። ኢንዱስትሪ ፓርክ አለን፣ ኤርፖርት አለን። ታዲያ ትልልቅ ጉባኤዎች ለምን ወደኛ አይመጡም?

የቀፊራዋ፦ አቦ፣ አዳራሹ በዓመት ስንቴ ይሞላል? ይቺ ከተማ እኮ በ1902 እ.ኤ.አ. ባቡር ሲደርስ በንግድ የቆመች ናት። ከጅቡቲ፣ ከጅግጅጋ፣ ከአዲስ አበባ ለዕቃ የሚመጣው ሰው የቢዝነስ ቱሪስት ካልሆነ ማን ሊሆን ነው? እንግዳ ብሎ የሚቆጥረው ግን የለም። ጠዋት ቀፊራና ታይዋን ገበያ ሲዞር ይውላል። ቀትር ላይ ሙቀቱ ሲበረታ አረፍ ብሎ ሂሳቡን የሚሠራበት ይቸግረዋል። የሚፈልገው ንጹሕ ፔንሲዮን፣ የማይቆራረጥ ኢንተርኔት፣ ትክክለኛ ደረሰኝና ዋጋ የማይቆልልበት ባጃጅ ነው። እነዚህን ብናሟላለት አንድ ቀን የሚያድረው ሦስት ቀን ያድራል። የሚበላው ከእኛ ነው፣ የሚገዛው ከእኛ ነው። የአዳራሽ እንግዳ አበሉን ተቀብሎ፣ ሆቴሉ ውስጥ በልቶ፣ በአውሮፕላን ይሄዳል። ለገበያችን ምን ጠብ ይላል?

የጁገል ልጅ፦ እኛ ሐረሮችም ይኼ ያንገበግበናል። የድሬ ተሰብሳቢ ከሰዓት በኋላ ይመጣል፣ ግንቡን ያያል፣ ማታ ጅብ ሲመገብ ፎቶ ያነሳል፣ ከዚያ በደንገጎ መንገድ ወደ ድሬ ይመለሳል። ጁገል፣ በግንብ የታጠረው አሮጌው ሐረር፣ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ ቅርስ ነው። በሐረሪ ባህላዊ ቤት ውስጥ ማደር ይቻላል። መንገዱ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሁለት ቀን ስብሰባ አንዱን ቀን ሐረር ቢያደርግ ምን ይጎዳል? ለሽልማት ጉዞማ ከዚህ የተሻለ የት ይገኛል?

የከዚራ ልጅ፦ በዚህ እስማማለሁ። ግን ኤግዚቢሽን በፔንሲዮን ውስጥ አይካሄድም። አምራች ማሽኑን የት ያቁም?

የቀፊራዋ፦ የድሮው ምድር ባቡር ግቢ አለ አይደል? መሀል ከዚራ ነው፣ ዛፍ አለው፣ ታሪክ አለው። አዲሱ ባቡር ከከተማ ወጣ ብሎ ነው የሚቆመው። ቅርሱ ሳይነካ በዚያ ግቢ ባዛር ቢዘጋጅ፣ ጎብኚው ወጣ ሲል ገበያችን ውስጥ ነው። አዳራሽ ከመሠራቱ በፊት ይኼ ይሞከር።

የሳቢያን ነዋሪ፦ ቀኑም ይታሰብበት። በግንቦትና በሰኔ ሙቀት ከደጋ የመጣ ሰው አይችልም። ኅዳርና ጥር ይሻላል። ታኅሣሥ 19 ደግሞ የቁልቢ ገብርኤል ነው፣ ያኔ አልጋ አይገኝም። በዚያ ሳምንት ጉባኤ የሚጠራ ሰው እንግዳውን ሜዳ ላይ ይጥለዋል።

የቀፊራዋ፦ እውነት ነው። የከተማችን ሆቴሎችና ፔንሲዮኖች የአልጋቸውን ብዛትና ዋጋ በአንድ ዝርዝር ያውጡ፣ የሐረሮቹም ይጨመርበት። ሰው ሲጠራ መጀመሪያ እሱ ይታይ። ለዚህ ሲሚንቶ አያስፈልግም።