የአጎቴ የድሮ ስቴሪዮ አምፕሊፋየር፦ ግራው ዝም ይላል፣ ቀኙ ያጉረመርማል

የጦሳ ልጅ (ደሴ)፦

ጤና ይስጥልኝ። አጎቴ ደሴ በነበረው ሙዚቃ ቤቱ ለካሴት ቅጂ ለብዙ ዓመታት ሲገለገልበት የቆየ ጃፓን ሠራሽ ስቴሪዮ አምፕሊፋየር በእጄ ገብቷል። ሱቁ ከተዘጋ ወዲህ 15 ዓመት ያህል በቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ባለፈው እሑድ አቧራውን አራግፌ ስሰካው መብራቱ በራ፤ ከ5 ሰከንድ ገደማ በኋላም ከውስጥ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ሆኖም የቀኙ ስፒከር ቮልዩሙ ዜሮ ላይ ሆኖ እንኳ ያለማቋረጥ ያጉረመርማል። የግራው ዝም ይላል፤ ቮልዩሙን ከፍ ሳደርገው ግን እየተንኮሻኮሸ ይመጣና ዝቅ ሳደርገው ይጠፋል። ያሳየሁት ባለሙያ ትራንዚስተሮቹ ስለተቃጠሉ ሁሉም ይለወጡ ብሎኛል። ቴስተር አለኝ፣ በስታኞ መበየድም እችላለሁ። ከየት ልጀምር?

ባለ ካውያው (ኮምቦልቻ)፦

አብሽር ወንድሜ። በመጀመሪያ ያንን ምርመራ እጠራጠረዋለሁ። «ቀጭ» ያለው ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ) ስፒከሮቹን የሚያገናኘው፣ በማጉያው መውጫ ላይ ስፒከር የሚያቃጥል ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ አለመኖሩ ከታወቀ በኋላ ነው። የኃይል ትራንዚስተር ሾርት አድርጎ ቢሆን ኖሮ ወይ ፊውዙ ይቃጠል ወይ ሪሌዩ ጨርሶ ሳይነሳ ይቀር ነበር። ድምፁ ቮልዩም ሲጨመር መጥቶ ሲቀነስ መጥፋቱ የሚጠቁመው የሪሌዩን መገናኛ ነጥቦች ነው፤ ነጥቦቹ ሲቆሽሹ ደካማው ድምፅ አያልፍም፣ ብርቱው ግን ጥሶ ያልፋል።

ማጉረምረሙ ቮልዩም ዜሮ ላይም ካልቀነሰ ምንጩ ከቮልዩሙ በኋላ ነው ማለት ነው፤ በዚህ ዕድሜ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠረጠሩት ሁለቱ ትልልቅ የማጣሪያ ካፓሲተሮች (ኃይል አጠራቅመው የቀጥተኛውን ኤሌክትሪክ መወዛወዝ የሚያለሰልሱት) ናቸው። እነዚህ በአብዛኛው ሁለቱንም ጎን ስለሚመግቡ፣ ግራው የማያጉረመርመው ጤነኛ ስለሆነ ሳይሆን መንገዱ ስለተቆረጠ ይመስለኛል። ሪሌዩን ስታጸዳ ግራውም ማጉረምረም ከጀመረ አትደንግጥ፤ ግምቴ ልክ ነበር ማለት ነው።

ዳግመኛ እንዲሁ አትሰካው። ከጀርባው የቮልቴጅ መምረጫ ካለው 220 ወይም 240 ላይ መሆኑን እይ፤ ከዚያም በኤሌክትሪኩ ገመድ ላይ አንድ ባለ 60 ዋት አምፖል በተከታታይ አስገባ። አምፖሉ የድሮው ባለ ክር መሆን አለበት፤ አሁን በየሱቁ የሞላው ኃይል ቆጣቢ ለዚህ አይሆንም። ለቅጽበት ቦግ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ነው፤ ቦግ እንዳለ ከቀረ ውስጡ ሾርት አለ። ቮልቴጁ ስለሚወርድ በዚህ ጊዜ ሪሌዩ ላይነሳ ይችላል፤ ይህ እንደ ብልሽት አይቆጠርም።

ያረጀ ራዲዮ (ወልድያ)፦

በሪሌዩ እስማማለሁ። በካፓሲተሮቹ ግን መለካቱ ጊዜ ማባከን ነው እላለሁ፤ እንዲህ ያረጀ ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር ዛሬ ባይሞት ነገ ይሞታልና ትንሹንም ትልቁንም በአንድ ጊዜ ይለውጡ። ትልልቆቹን ከመንካትዎ በፊት በ100 ኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር ቻርጃቸውን ያፍስሱ። በጠመንጃ መፍቻ ማገናኘት ብልጭታው ዓይን ያስፈራል፣ ነጥቦቹንም ያበላሻል።

ባለ ካውያው (ኮምቦልቻ)፦

ስለ ማፍሰሱ ጥሩ ብለሃል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ መለወጡን ግን እቃወማለሁ። 40 ካፓሲተር ለውጠህ አንዱን ገልብጠህ ብትበይድ አሮጌውን ብልሽት ከአዲሱ መለየት አትችልም፤ ገበያ ላይ ያለው አዲስ ዕቃም ሁሉ የጻፈውን ያህል አይይዝም። ቴስተሩን በተለዋዋጭ ቮልት አድርጎ በሁለቱ ትልልቆች ላይ መለካት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ የሚያሳየው ካፓሲተሩ ሳያጣራ ያሳለፈውን መወዛወዝ ነው፣ ከበዛ ካፓሲተሩ ደክሟል። ርካሽ ቴስተር እዚህ ላይ ስለሚያታልል ገመዶቹን አገላብጦ ደግሞ መለካት ነው፤ ሁለቱ ንባቦች በጣም ከተራራቁ አይታመንም።

የጦሳ ልጅ (ደሴ)፦

ጋሼ፣ እንዳሉት ሆነ። ባለ ክር አምፖል ፍለጋ ፒያሳን ሁለት ቀን ዞርኩ፤ በመጨረሻ ያገኘሁት ከጎረቤት ጓዳ ነው። አምፖሉ ቦግ ብሎ ደበዘዘ። የሪሌዩን ክዳን ከፍቼ በአልኮል የራሰ ወፍራም ወረቀት በነጥቦቹ መካከል ስስብ ጥቁር ሆኖ ወጣ። ያለ አምፖሉ ስሞክረው ግራው በዝቅተኛ ቮልዩምም መጣ፤ ወዲያውም እንደ ቀኙ አጉረመረመ። ስለካ በአንዱ ትልቅ ካፓሲተር ላይ 0.06 ቮልት፣ በሌላው ላይ 1.4 ቮልት አገኘሁ፤ አገላብጬም ያው ነው። ሁለቱም ባለ 10,000 ማይክሮፋራድ፣ 50 ቮልት ናቸው። በቅርቡ ያገኘሁት ባለ 63 ቮልት ነው፤ ይሆናል? ነጥቦቹንስ በብርጭቆ ወረቀት ልጨርሳቸው?

ባለ ካውያው (ኮምቦልቻ)፦

ባለ 63ቱ ይሆናል፤ ቮልቱ ቢበልጥ አይጎዳም፣ ቢያንስ ነው የሚፈነዳው። ሁለቱንም ለውጥ፤ ከመበየድህ በፊት ማቀፊያው ውስጥ መግባታቸውን ለካ፣ የመቀነስ ምልክቱንም ፎቶ አንሳ። በብርጭቆ ወረቀት ግን ነጥቦቹን አትንካቸው፤ ላያቸው በስሱ የተለበጠ ስለሆነ ከተፋቀ በወራት ውስጥ ብሶበት ይመለሳል። አቅም ካለህ ተመሳሳይ መጠምጠሚያ ቮልት ያለው አዲስ ሪሌይ ግዛ።

ስትጨርስ ስፒከሩን ሳታገናኝ በመውጫው ላይ ያለውን ዲሲ (ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ) ለካ፤ ከ50 ሚሊቮልት በታች ከሆነ ስፒከሩን ማገናኘት ትችላለህ። የኃይል ትራንዚስተሮቹን የዕረፍት ኤሌክትሪክም (ሙዚቃ ሳይኖር የሚያልፍባቸውን) በኤሚተር ሬዚስተሮቹ (ኤሚተር ከሚባለው የትራንዚስተሩ እግር ጋር በተያያዙት) ላይ እይ፦ ሬዚስተሩ 0.47 ኦም ሆኖ 10 ሚሊቮልት ካሳየ 21 ሚሊአምፔር ገደማ ያልፋል። ይህን ግማሽ ሰዓት ካሞቅኸው በኋላ፣ ክዳኑን ገጥመህ ቆይተህ ለካው፤ በደሴ ብርድ ሲነሳ ያስተካከልኸው እዚህ ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ ቢወርድ ከፍ ብሎ ታገኘዋለህ።

የጦሳ ልጅ (ደሴ)፦

ሁለቱንም ለወጥኩ፤ ማጉረምረሙ ጠፋ። በመውጫው ላይ ግራው 12፣ ቀኙ 18 ሚሊቮልት አሳየኝ። አሁን የቀረኝ የባላንስ ማዞሪያው ሲነካ መንኮሻኮሹ ብቻ ነው፤ እሱን በማጽጃ ስፕሬይ እሞክረዋለሁ። ትራንዚስተር አንድም አልለወጥኩም።