«ፐብሊኬሽን» በእርግጥ «ኅትመት» ነውን?

ከዚራ (ድሬዳዋ)፦
ጤና ይስጥልኝ። በአንድ ቤተ መጻሕፍት የመጻሕፍት መዝገብ እይዛለሁ። የምንሞላው ቅጽ «ፐብሊኬሽን» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል «ኅትመት» ብሎ ተርጕሞታል፤ እኔም ለዓመታት ያለ ጥያቄ ስሞላው ኖሬአለሁ። በዚህ ሳምንት ግን በኢንተርኔት ብቻ የተሠራጨ፣ ማተሚያ ቤት ጨርሶ ያልገባ ጥናት ደረሰኝና «የኅትመት ዓመት» ከሚለው ክፍት ቦታ ስደርስ እጄ ቆመ። ሁለቱ ቃላት አንድ ናቸውን? ምንጫቸውን የምታውቁ ብታስረዱኝ ውለታችሁን አልረሳም።

ደቀ መዝሙር፦
የግእዙ ግሥ «ኀተመ» ነው፤ ፍቺውም አተመ፣ በማኅተም ዘጋ ማለት ነው። «በኅቱም ድንግልና» ስንል የምናነሣው ይህንኑ መዘጋት ነው። ፊደል ወረቀት ላይ ተጭኖ መልኩን መተዉ ከማኅተም አሠራር ጋር ስለሚመሳሰል ቃሉ ወደ መጽሐፍ ሥራ የተሻገረ ይመስለኛል።

የእንግሊዝኛው መነሻ ግን የላቲኑ «ፑብሊካሬ» ሲሆን ትርጉሙ የሕዝብ ማድረግ ነው፤ ሮማውያን የአንድ ሰው ንብረት ለመንግሥት ሲወረስ እንኳ በዚሁ ግሥ ይጠቀሙ ነበር። እንግሊዝኛ ቃሉን በፈረንሳይኛ በኩል የወሰደው በ14ኛው መቶ ዘመን ነው። ጉተንበርግ ማተሚያውን የሠራው በ15ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በመሆኑ፣ ቃሉ ከማተሚያው ይቀድማል፤ በመጀመሪያም የሚያመለክተው በአደባባይ ማሳወቅን ነበር። እንግዲህ የእኛ ቃል ከመዝጋት፣ የእነርሱ ለሕዝብ ከመግለጥ ተነሥተው አንድ ሥራ ላይ ተገናኙ ማለት ነው።

የጀጎል ነዋሪ (ሐረር)፦
ዐረብኛ ሁለቱን ለይቶ ማስቀመጡ ለጥያቄዎ የሚረዳ ነው። ማተም «ጠብዕ» ይባላል፤ ይህም እንደ ግእዙ ማኅተም ማሳረፍን ይነካል። ለአንባቢ ማሠራጨት ግን «ነሽር» ነው፤ መዘርጋት፣ መበተን ማለት ነው። በከተማችን ቁርኣንና የትምህርት መጻሕፍት በእጅ እየተገለበጡ በቆዳ ይደጎሱ ነበር፤ አንዱ ግልባጭም ለሌላው ምንጭ ይሆን ነበር። የካፑቺን ማኅበር ካቶሊካውያን ሚስዮናውያን በ1905 እ.ኤ.አ. በሐረር የፈረንሳይኛ መጽሔታቸውን ማሳተም ሲጀምሩ፣ ሐረር በ«ነሽር» ዘመናትን አስቈጥራ ነበር፤ አዲስ የነበረው «ጠብዑ» ነው። ስለዚህ በእጅ የተገለበጠን መጽሐፍ «ያልታተመ» ማለት ትክክል ነው፤ «ያልተሠራጨ» ማለት ግን የእነዚያን ጸሐፍት ድካም መካድ ነውና ይህን በመዝገብዎ እንዳይጽፉ አደራ እላለሁ።

የሕግ ተማሪ፦
አማርኛም ልዩነቱን ያውቀዋል። የአዋጆቻችን የመጨረሻ አንቀጽ «በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ታትሞ ከወጣበት ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል» ይላል። ልብ ብላችሁ ካያችሁት ግሦቹ ሁለት ናቸው፤ «ታትሞ» የማሽኑን ሥራ፣ «ወጣ» ደግሞ ወደ ሕዝብ መድረሱን ይናገራል። በ1934 ዓ.ም. የተጀመረው የቀድሞው ነጋሪት ጋዜጣ ስሙን የወሰደውም አዋጅ ሲነገር ይጎሰም ከነበረው ከነጋሪት ነው፤ ይህ ከ«ፑብሊካሬ» ጋር በጣም የቀረበ ነው።

ከዚራ (ድሬዳዋ)፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጥናቱን «የወጣበት ዓመት» ብዬ መዝግቤዋለሁ፤ ቅጹም በዚሁ ቃል እንዲስተካከል ለኀላፊዬ ጽፌአለሁ። ለእጅ ጽሑፎቹ «የተገለበጠበት ዓመት» የሚል የተለየ ቦታ እንዲጨመርም ጠይቄአለሁ።