የፋይናንስ ሕግ መሥራት የፈለገ ጀማሪ ከወሎ መውጣት አለበት?

ጠያቂዋ (ደሴ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ዘንድሮ ነው በሕግ የተመረቅኩት። ችሎት ቆሞ መከራከር ብዙም አይስበኝም። የሚስበኝ የብድር ውል፣ የአክሲዮን ሽያጭ፣ የኩባንያ ሥራ ነው። አሁን ሁለት ዕድል አግኝቻለሁ። አንዱ እዚሁ ደሴ በአንድ ባንክ ዲስትሪክት ጀማሪ ነገረ ፈጅ መሆን ነው። ሌላው አዲስ አበባ በአንድ የጥብቅና ድርጅት በረዳትነት መግባት። ቤተሰቤ «እዚሁ ሁኚ» ይላል። ጓደኞቼ ደግሞ «ደሴ ተቀምጠሽ የፋይናንስ ጠበቃ አትሆኚም» ይሉኛል። ለዓመታት የምወደው ሥራ እንዲሆን ነው የምፈልገው። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ጠበቃ (አዲስ አበባ፣ የደሴ ልጅ)፦ እህቴ፣ ሳይውል ሳያድር ነይ። ደሴን ንቄ አይደለም፤ ያደግኩባት ናት። ግን ሥራው ያለው እዚህ ነው። የካፒታል ገበያ አዋጅ በ2013 ወጣ። አክሲዮንና ቦንድ የሚገበያዩበት የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2017 ተከፈተ፤ ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆነ። አዲሱ የባንክ ሥራ አዋጅም ለውጭ ባንኮች በር ከፍቷል። አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ 1243/2013፣ ገና በደንብ አልተፈተሸም። ማለትም ከአንጋፋዎቹ ጋር እኩል የምትማሪው ሕግ ነው። ደግሞ አዋጅ 1249/2013 ጠበቆች በድርጅት ተደራጅተው እንዲሠሩ ፈቅዷል። እኔ ስጀምር ይህ አልነበረም፤ ሁሉም ለየብቻው ነበር።

ነገረ ፈጅ (ኮምቦልቻ)፦ ወንድሜ ያልከው ሁሉ እውነት ነው። ግን ጀማሪዋ እዚያ ስትገባ መጀመሪያ የሚሰጣትን ሥራ አልነገርካትም። ቃለ ጉባኤ ታነባለች፣ የሰነድ ዝርዝር ታመሳክራለች። ተበዳሪውን አታየውም።

እህቴ፣ እስቲ አንድ የብድር ፋይል አብረን እንክፈት። ነጋዴው ኮምቦልቻ ላይ መጋዘን አለው፤ እሱን አስይዞ ማሽን ሊገዛ ነው። ካርታው በማን ስም ነው? ባለትዳር ከሆነስ የሚስቱ ፊርማ የት አለ? የባልና ሚስት የጋራ ቤት ወይም መጋዘን ያለ ሁለቱ ስምምነት በመያዣ አይሰጥም። ሚስቱ ጅዳ ናት እንበል። ውክልና ልካለች። ውክልናው መጋዘኑን በመያዣ የመስጠት ሥልጣን በግልጽ ይሰጣል ወይ? አጠቃላይ ውክልና ከሆነ አይበቃም፤ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ከዚያ ማዘጋጃ ቤት ሄደሽ ዕዳና ዕገዳ ታጣሪያለሽ። መያዣው ንብረቱ ባለበት ቦታ ካልተመዘገበ ዋጋ የለውም። ምዝገባውም የሚያገለግለው 10 ዓመት ነው። በረጅም ጊዜ ብድር ላይ ማደስ ከተረሳ ባንኩ ከሌሎች አበዳሪዎች የቀዳሚነት መብቱን ያጣል።

ብድሩ ሲበላሽስ? አዋጅ 97/1990 ባንክ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ያለ ፍርድ ቤት መያዣውን በሐራጅ እንዲሸጥ ይፈቅዳል። ያን ማስጠንቀቂያ የምትጽፊው አንቺ ነሽ። ሰውየውንም ነገ ፒያሳ ታገኚዋለሽ። በ2014 ጦርነት እዚህም ደሴም ሱቁና መጋዘኑ የተዘረፈበት ተበዳሪ ብዙ ነበር። ያኔ ውል ማለት ምን እንደሆነ በደንብ ገባኝ። አራዝሙልን የሚል ሰው ፊትሽ ተቀምጦ ነው አንቀጹን የምታነቢው። ከዚያ ወዲህ አንድም የብድር ውል ክፉ ቀንን ሳላስብ አልጻፍኩም። ይህን ሥራ የወደድኩት በዚህ ነው።

ጠበቃ (አዲስ አበባ)፦ ጋሼ፣ የልብ የሚያደርስ ነው ያሉት። ግን ሳንሸፋፍን እንነጋገር። የባንክ ውል ፎርም ነው። ዋናው መሥሪያ ቤት አዘጋጅቶ ይልካል፣ ዲስትሪክቱ ክፍት ቦታ ይሞላል። ትልቅ ብድር ሲመጣ ፋይሉ አዲስ አበባ ይሄዳል። እርስዎ የለመዱትን ሁሉም ዲስትሪክት አያሠራም። ልጅቷ አምስት ዓመት ፎርም ሞልታ ብትመጣ ማን ይቀጥራታል?

የብድር ኦፊሰር (ከሚሴ)፦ እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም፤ ከሕግ ክፍል ጋር ግን ሁሌ እሠራለሁ። አንድ ነገር ረስታችኋል። እኛ ጋ ወለድ አልነካም የሚል ነጋዴ ብዙ ነው። ከወለድ ነፃ አገልግሎት የሚሰጠው ባንክ በሙራባሃ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ፣ ትርፉን በግልጽ ነግሮ ለደንበኛው ይሸጣል። ታዲያ ዕቃው የባንኩ የሆነው መቼ ነው? መንገድ ላይ ቢበላሽ ኪሳራው የማን ነው? የሽያጩ ውል ከግዢው ቀድሞ ከተፈረመ ደንበኛው «ይሄማ ወለድ ነው» ብሎ ይሄዳል፤ ወላሂ እውነቱን ነው። ሕጉንም ሸሪዓውንም የሚያውቅ የሕግ ባለሙያ ፈልገን እናጣለን። ይህን ከወሎ የተሻለ የት ትማሪዋለሽ?

የቀድሞ የድርጅት ጠበቃ (ወልድያ)፦ እኔ አዲስ አበባ ሠርቼ ተመልሻለሁ። ሥራው ጥሩ ነው፣ ሌሊቱ ግን ከባድ ነው። ደንበኛው ነገ ሊፈርም ነው ከተባለ ማታ ቤት የለም። ለጀማሪ የሚከፈለው የቤት ኪራይና ትራንስፖርት ከፍሎ እጅ ላይ የሚተርፈው ትንሽ ነው። ግን አንድ አለቃ ነበረችኝ። የጻፍኩትን ውል በቀይ እስክሪብቶ አርማ፣ አጠገቧ አስቀምጣ «ይህን ለምን ሰረዝኩት?» ትለኝ ነበር። ውል መጻፍ የተማርኩት እሷ ጋ ነው። እሷ ከሄደች በኋላ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጬ ምንም አልተማርኩም። ስለዚህ የኔ እመቤት፣ ሁለቱንም ቦታ «የጻፍኩትን ማን ያርምልኛል?» ብለሽ ጠይቂ። ስም ጠርተው ካልመለሱልሽ ተጠንቀቂ።

ጠያቂዋ (ደሴ)፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ባንኩን ነገ ሄጄ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። የመያዣ ውል እዚሁ ይረቀቃል ወይስ ተሠርቶ ይመጣል? የምጽፈውንስ ማን ያርመዋል? «ተሠርቶ ይመጣል» ካሉኝ ሻንጣዬን አዘጋጃለሁ።

ነገረ ፈጅ (ኮምቦልቻ)፦ ጥሩ ጥያቄ ነው የኔ ልጅ። ከወለድ ነፃ ክፍል መድበው ያሠሩሽ እንደሆነም ጨምረሽ ጠይቂ።

ጠበቃ (አዲስ አበባ)፦ እኔ አሁንም ነይ ነው የምለው። ከቀረሽ ግን አዋጅ 1147/2011ን ከዳር እስከ ዳር አንብቢ። ተሽከርካሪ፣ ሰብል፣ ከብት፣ የመጋዘን ዕቃ በዋስትና የሚያዝበት ሕግ ነው፤ ምዝገባውም በብሔራዊ ባንክ ሥር ባለው የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ነው። ቤት የሌለው የወሎ ገበሬና ነጋዴ የሚበደረው በዚህ ነው። የሚያውቀው ጠበቃ እዚህም ጥቂት ነው።