ከጅማ መሀል ከተማ ፕላኔታዊ ኔቡላ ፎቶ ማንሳት፦ ፊልተርና ማውንት

የመርካቶ ጣራ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ መርካቶ አካባቢ ጣራ ላይ ነው የምሠራው። ባለ 200 ሚሊሜትር ኒውቶኒያን ቴሌስኮፕ (በመስታወት የሚሠራ፣ የትኩረት ርቀቱ 1000)፣ ያልተቀየረ (ቀይ ብርሃን የሚቀንሰው የፋብሪካ ፊልተሩ ያልወጣለት) ካኖን ካሜራና ኢኳቶሪያል ማውንት (ቴሌስኮፑን ከሰማዩ ዙረት ጋር የሚያዞር መቆሚያ) አለኝ። የከተማ ብርሃን ፊልተር ባስገባም ሰማዩ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ኤም 27 እና ኤም 57 (ሁለቱም ፕላኔታዊ ኔቡላ፣ ማለትም ሊሞት የተቃረበ ኮከብ የተፋው የጋዝ ደመና) እንዴት ይነሳሉ? ወደ ሰማይ ሰሜን ዋልታ የሚያመለክተው የማውንቱ ዘንግም ከ15 ዲግሪ በታች አይወርድም።

ኦክስጅን 500፦
ያ ፊልተር የተሠራው ለድሮው ቢጫ የሶዲየም መብራት ነው። ነጭ ኤልኢዲ በሁሉም ቀለም ስለሚበራ ያልፈዋል። ባለ ሁለት መስመር ጠባብ ፊልተር ያዝ፤ 500.7 ናኖሜትር (ኦክስጅን) እና 656.3 (ሃይድሮጅን) ብቻ የሚያሳልፍ፣ ስፋቱ 7 ናኖሜትር ገደማ። ካሜራህ አለመቀየሩ ብዙም አይጎዳህም። የሚቀንሰው ቀዩን የሃይድሮጅን ብርሃን እንጂ የኦክስጅኑን አይደለም፤ የእነዚህ ኔቡላዎች ጉልበት ደግሞ በአብዛኛው ኦክስጅኑ ላይ ነው። ፊልተሩ ከገባ በኋላ ትኩረቱን በባህቲኖቭ ማስክ (ቴሌስኮፑ አፍ ላይ የሚደረግ ስንጥቆች ያሉት ሽፋን) እንደገና አስተካክል፤ የፊልተሩ መስታወት ቦታውን ያዛባዋል።

ሰባት ዲግሪ፦
ጅማ በሰሜን ኬክሮስ 7.7 ዲግሪ ላይ ናት፣ የማውንቱ ዘንግም ያንኑ ያህል ነው ከፍ ማለት ያለበት፤ ስለዚህ የጎደለህ 7.3 ነው። ከትሪፖዱ አንዱን እግር ወደ ደቡብ፣ ሁለቱን ወደ ሰሜን አድርግ። ከደቡቡ እግር እስከ ሁለቱ መሀል 80 ሴንቲሜትር ከሆነ፣ የደቡቡን በ10 ሴንቲሜትር አስረዝም። እንዲህ ሲሆን የሚዛን ክብደቱም በሁለቱ እግሮች መሀል ያልፋል፤ አንድ እግር ወደ ሰሜን ቢሆን ግን ይመታዋል። የሰሜን ኮከብን አትፈልግ፣ ከጣራና ከኮረብታ ጀርባ ነው የሚሆነው። ኒና (የካሜራና የቴሌስኮፕ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር) ላይ ባለው የሦስት ነጥብ ዘዴ አሰላለፉን ጨርስ።

የመርካቶ ጣራ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ኅዳር ላይ ልጀምር?

ኦክስጅን 500፦
ለኤም 27 አዎ። ኅዳር መጀመሪያ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ከ50 ዲግሪ በላይ ነው፤ ከ30 በታች እስኪወርድ አንድ ሰዓት ከ45 ደቂቃ ያህል አለህ። አይኤስኦ 800፣ ነጠላ ምስሉ 180 ሰከንድ፣ ከጋይድ (አንድ ኮከብ እየተከታተለ የማውንቱን ስህተት የሚያርም) ጋር። ኤም 57 ግን ያኔ 37 ዲግሪ ላይ ነው፣ ቶሎ ይጠልቃል። እኩለ ሌሊት ላይ አናት የሚደርሰው ሰኔ መጨረሻ ነው፤ በዚያ ጊዜ የጅማን ዝናብ ታውቀዋለህ። በእሱ ፋንታ ጥር መጀመሪያ ኤንጂሲ 2392ን (ሌላ ፕላኔታዊ ኔቡላ) ሞክር፤ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ 77 ዲግሪ ላይ ነው። ትንሽና ብሩህ ስለሆነ 30 ሰከንድ ይበቃዋል፤ ብታስረዝመው መሀሉ ይነድዳል። ጨረቃ ካለች ተወው፤ የተበተነ ብርሃኗ የኦክስጅኑን መስመር ነው ይበልጥ የሚጎዳው።

ሰባት ዲግሪ፦
የጤዛ ማሞቂያ ቀበቶም ሁለተኛው (ቴሌስኮፑ ውስጥ ያለው ትንሹ) መስታወት ላይ አድርግ። የጅማ አየር እርጥብ ነው፤ ጤዛ ሲይዘው ኮከቦቹ ሃሎ (የብርሃን ቀለበት) ያወጣሉ፣ ሰውም ፊልተሩን ይወቅሳል።